ፋርማኮሎጂ ለከበዳችሁ የጤና ተማሪዎች፦ በአማርኛ እያስረዳችሁ አጥኑት

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ የፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ትምህርት) ሚድ ከ30 ያመጣሁት 11 ነው። ሳላጠና ቀርቼ አይደለም፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ላይብረሪ ነበርኩ፣ ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ሸምድጄዋለሁ፣ የመድኃኒቶቹን ስም በተርታ መጥራት እችል ነበር፣ ግን ጥያቄው "አስም ላለበት ሰው ከነዚህ ውስጥ የቱ አይሰጥም" ብሎ ሲመጣ ፕሮፕራኖሎል ሚለው ስም ፊቴ ተቀምጦ ምንም አልነገረኝም። ስሙን አውቀዋለሁ፣ ክላሱን አውቀዋለሁ፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም ነበር።

ከሁሉም የባሰው ደሞ ፈተናው አልነበረም። ለአታችመንት ጤና ጣቢያ ወጥተን አንዲት እናት የግፊት መድኃኒታቸውን ኤናላፕሪልን በፌስታል ይዘው መጡና "ልጄ፣ ይሄን ከጀመርኩ ወዲህ እኮ ሳል አልለቅ አለኝ፣ ሽሮፕም ጠጣሁ ምንም አልሻለኝ" አሉኝ። ስላይዱ ላይ "ድራይ ኮፍ" ሚል ቃል ነበር፣ ስንቴ አንብቤዋለሁ፣ ያኔ ግን ምንም አልመጣልኝም፣ ምክንያቱም እኔ ጋ ያለው የእንግሊዝኛ ዝርዝር ነው እሳቸው ደሞ የጠየቁኝ በአማርኛ ስለ ገዛ ደረታቸው ነው። የመለሰችላቸው አብራን የነበረችው ሲኒየር ነርስ ናት። ከዛ ቀን በኋላ አጠናኔን ቀየርኩ፣ አሁን ስራ ላይ ሆኜም በዚሁ መንገድ ነው ማነበው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ርዕስ ካነበባችሁ በኋላ ሃንድአውቱን ዝጉና በአማርኛ ለሰው አስረዱት። ሰው ስል የጤና ተማሪ ያልሆነ ቢሆን ይመረጣል፣ ዶርም ውስጥ ኢንጂነሪንግ ወይም አካውንቲንግ ሚማር ልጅ አይጠፋም፣ "ለምን?" እያለ እንዲጠይቃችሁ ንገሩት። ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው "ለምን" ላይ ዝም ካላችሁ ያልገባችሁ ቦታ እሱ ነው፣ ተመለሱና እሷን ብቻ አንብቡ። ሰው ከጠፋ ስልካችሁ ላይ ድምፃችሁን ቅዱና አዳምጡት። ቴክኒካል ቃሉን በእንግሊዝኛው እንዳለ ተዉት፣ ሬሴፕተር (መድኃኒቱ ሄዶ ሚቀመጥበት ቦታ) ሬሴፕተር ነው፣ ኤንዛይምም ኤንዛይም ነው፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉ ያስፈልጋችኋል፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን አማርኛ ይሁን፣ ወይም አፍ የፈታችሁበት ቋንቋ ሌላ ከሆነ በሱ።

የኤናላፕሪሉን ላሳያችሁ። ኩላሊት ደም ያነሰው ሲመስለው ሬኒን ሚባል ነገር ይለቃል፣ በሱ ምክንያት አንጂዮቴንሲን አንድ ይፈጠራል፣ ከዛ ኤሲኢ ሚባል ኤንዛይም አንዱን ወደ አንጂዮቴንሲን ሁለት ይቀይረዋል፣ ይሄኛው ነው የደም ሥር ሚያጠበው፣ አልዶስቴሮንም እንዲለቀቅ አድርጎ ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፣ ግፊት ይጨምራል። ኤናላፕሪል ያንን ኤንዛይም ያግደዋል፣ ግፊት ይወርዳል። አሁን "ታዲያ ሳሉ ከየት መጣ?" ብሎ ጓደኛችሁ ይጠይቃችሁ። ያው ኤንዛይም ሌላም ስራ ነበረው፣ ብራዲካይኒን ሚባለውን ያፈርስ ነበር፣ ሲታገድ ብራዲካይኒኑ ይከማቻል፣ ደረቁ ሳል ከሱ ነው ሚመጣው። "ሎሳርታን ለምን አያስልም ታዲያ?" ሎሳርታንም የግፊት መድኃኒት ነው ግን ኤንዛይሙን አይነካም፣ ከታች የአንጂዮቴንሲን ሁለትን ሬሴፕተር ነው ሚዘጋው። "ፖታሲየም ለምን ይጨምራል?" አልዶስቴሮን ጨው ሲያስቀር በምትኩ ፖታሲየም ያስወጣ ስለነበር፣ እሱ ሲቀንስ ፖታሲየሙ ይቀራል። እንግዲህ ስላይዱ ላይ ተለያይተው የተቀመጡ አራት አምስት መስመሮች አንድ ታሪክ ሆኑ ማለት ነው፣ አንዱን ካስታወሳችሁ ሌላው ተጎትቶ ይመጣል።

ፋርማኮካይኔቲክስ ላይ

የመጀመሪያው ቻፕተር ይሄ ነው፣ ብዙ ሰው ደረቅ ነው ብሎ ይዘለዋል ከዛ ሴሚስተሩን ሙሉ ይቸገራል። አትዝለሉት፣ እለምናችኋለሁ። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ሚያደርገው ጉዞ ነው፣ ይገባል፣ ይሰራጫል፣ ይቀየራል፣ ይወጣል።

ፈርስት ፓስን እንደ ኬላ አስቡት። ከአንጀት ሚወጣው ደም ቀጥታ ወደ ሰውነት አይበተንም፣ መጀመሪያ በጉበት ነው ሚያልፈው፣ ጉበት ደሞ ፈትሾ የተወሰነውን ያስቀረዋል፣ አንዳንዱን መድኃኒት ከግማሽ በላይ። ፕሮፕራኖሎል በአፍ ሲሆን 40 ሚሊግራም እየተሰጠ በደም ሥር ሲሆን ግን 1 ሚሊግራም ሚሆነው ለዚህ ነው፣ ሁለቱ ቁጥር ለምን እንደተራራቀ ከገባችሁ ባዮአቬይላቢሊቲ (ከተሰጠው ውስጥ ደም ጋ ሚደርሰው) ሚለው ቃል ገባችሁ ማለት ነው። ናይትሮግሊሰሪን ደሞ ከምላስ ስር ሚደረገው ኬላውን በሌላ መንገድ ለማለፍ ነው፣ ታካሚው ቢውጠው አብዛኛው ጉበት ላይ ይቀራል፣ ስለዚ "እንዳይውጡት" ሚለው ምክር ጌጥ አይደለም፣ ፋርማኮሎጂ ነው።

ቮልዩም ኦፍ ዲስትሪቢውሽን (መድኃኒቱ በስንት ሊትር ውስጥ የተበተነ እንደሚመስል ሚናገር ቁጥር) ሁሉንም ሰው ያስቸግራል፣ እኔንም ለረጅም ጊዜ አስቸግሮኛል። አንድ ጀሪካን ውሃ ውስጥ ቀለም ጨመራችሁ እንበል፣ ውሃው ላይ ሚታየው ቀለም በጣም የሳሳ ከሆነ "ይሄ ጀሪካን ትልቅ መሆን አለበት" ትላላችሁ። ግን ጀሪካኑ ውስጥ ስፖንጅ ቢኖርና ቀለሙን መጥጦት ቢሆንስ? ቁጥሩ ትልቅ ሆነ ማለት መድኃኒቱ ከደም ወጥቶ ቲሹ ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው። ክሎሮኪንን ውሰዱ፣ የሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ 40 ሊትር ገደማ ነው የክሎሮኪን ቮልዩም ግን በሺዎች ሚቆጠር ሊትር ነው፣ እንደዚህ ዓይነት ሰው የለም፣ ቁጥሩ ሚነግራችሁ ቲሹው ምን ያህል እንደመጠጠው ነው። ለቫይቫክስ ወባ ክሎሮኪን ሲሰጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በኪሎ 10 ሚሊግራም ሦስተኛው ቀን ላይ 5 ሚሊግራም ሚሆነውም ከዚሁ ጋር ይያዛል፣ መጀመሪያ ስፖንጁን ማርካት አለባችሁ ደም ውስጥ በቂ እንዲገኝ፣ ሎዲንግ ዶዝ ሚባለው ይሄ ነው። ከሰውነት ተጠርጎ ለመውጣትም ሳምንታት አልፎም ወራት ይፈጅበታል፣ ከስፖንጁ ቀስ እያለ ነዋ ሚወጣው።

ሃፍ ላይፍን በቡና አጥኑት። ካፌይን ጤነኛ አዋቂ ሰው ላይ በግምት በ5 ሰዓት ነው ግማሽ ሚሆነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ ለጥናት ብላችሁ ቡና ከጠጣችሁ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግማሹ አሁንም ደማችሁ ውስጥ አለ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ፈተና ስትገቡም ሩቡ አለ። በየሃፍ ላይፉ ግማሽ ግማሽ እያላችሁ ብትቀንሱ ከአምስት በኋላ 3 ፐርሰንት ገደማ ነው ሚቀረው፣ ስለዚ መድኃኒት ሲቆም ለመጥፋትም፣ በመደበኛ ዶዝ ሲጀመር ስቴዲ ስቴት (ሚገባውና ሚወጣው እኩል ሚሆንበት) ለመድረስም 4 ወይ 5 ሃፍ ላይፍ ነው። ይሄ ቁጥር ፈተና ላይ ስንት ቦታ እንደሚመጣ ታያላችሁ።

ቡናውን ሳንለቅ ወደ ሬሴፕተር እንግባ

ቀኑን ሙሉ ስንነቃ ጭንቅላታችን ውስጥ አዴኖሲን ይጠራቀማል፣ ሬሴፕተሩ ላይ ሲቀመጥ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ካፌይን መጥቶ እዛው ሬሴፕተር ላይ ይቀመጣል፣ ግን ምንም አያደርግም፣ ቦታ ብቻ ነው ሚይዘው። ይሄ ነው አንታጎኒስት። ታክሲ ውስጥ ወንበር ይዞ ሚቀመጥ ሰው በሉት፣ አዴኖሲኑ በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ቀን በቀን ሚጠጣ ሰው ላይ ሰውነት "ወንበር አነሰኝ" ብሎ ሬሴፕተር ይጨምራል፣ ስለዚ አንድ ስኒ ሚበቃው ሰው ሦስት ይፈልጋል፣ ቶለራንስ ይሉታል። አንድ ቀን ቡናው ሲቀር ደሞ ያ ሁሉ ትርፍ ወንበር ለአዴኖሲን ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ መነጫነጭ፣ እናቶቻችን ሐራራ ሚሉት። ዊዝድሮዋልን ከዚህ የተሻለ ሚያስረዳ ቃል አላገኘሁም።

ወንበሩ ላይ በብዛት የመጣው ነው ሚቀመጠው ከተባለ ኮምፔቲቲቭ ነው። ናሎክሶን ሞርፊንን (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ሲበዛ ትንፋሽ ያፍናል) ከወንበሩ ያስነሳዋል፣ የታፈነው ሰው መተንፈስ ይጀምራል። ግን እዚህ ላይ ካይኔቲክስን ካልረሳችሁ አንድ ነገር ትጠይቃላችሁ፣ የናሎክሶን ሃፍ ላይፍ ከሞርፊን ያጥራል፣ ስለዚ ናሎክሶኑ ቀድሞ ሲያልቅ ሞርፊኑ ተመልሶ ይቀመጣል፣ "ነቃልን" ብሎ ትቶ መሄድ አይቻልም፣ መከታተልና ካስፈለገ መድገም ነው። አስፕሪን ደሞ ሌላ ነው፣ የፕላትሌትን ኤንዛይም ለዘለቄታው ነው ሚያበላሸው፣ ፕላትሌት ኒውክለስ ስለሌለው አዲስ ኤንዛይም መስራት አይችልም፣ ስለዚ አስፕሪኑ ከደም ከጠፋ በኋላም ውጤቱ ፕላትሌቱ እስኪተካ ሳምንት ያህል ይቆያል። ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ያለ ሰው አስፕሪን እየወሰደ እንደሆነ ቀደም ተብሎ ሚጠየቀው ለዚህ ነው።

ፖቴንሲን (ለመስራት ስንት ሚሊግራም እንደሚበቃው) ከኤፊኬሲ (ቢበዛ ምን ያህል መስራት እንደሚችል) ጋር አታምታቱ፣ ሚሊግራሙ ትንሽ ስለሆነ ደካማ፣ ትልቅ ስለሆነ ጠንካራ አይባልም። ታካሚም "5 ሚሊግራም ብቻ? ይሄማ ምን ይሰራል" ይላል፣ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም ስራውን ይሰራል።

ኦቶኖሚክ፦ ብዙ ሰው ሚወድቅበት

ይሄ ሳናዘው በራሱ ሚሰራው የነርቭ ሥርዓት ነው፣ ጊዜ አጥፉበት፣ ከሌላው እጥፍ። ሰው ሁሉ ከመድኃኒቱ ይጀምራል ያ ነው ስህተቱ፣ መጀመሪያ መድኃኒት ሳይነሳ ሰውነቱን ነው መያዝ ያለባችሁ። ትልቅ ወረቀት ላይ ሰው ሳሉ፣ ዓይን፣ ምራቅ ዕጢ፣ ልብ፣ ሳንባ፣ የደም ሥር፣ አንጀት፣ ፊኛ። ከዛ ጅብ ቢያባርራችሁ እያንዳንዱ ምን እንደሚሆን በግራ በኩል ጻፉ፦ ዓይን ይከፈታል፣ አፍ ይደርቃል፣ ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይሰፋል፣ የቆዳ ደም ሥር ይጠባል፣ አንጀት ስራ ያቆማል፣ ሽንት ይያዛል። በቀኝ ደሞ የበዓል ምሳ በልታችሁ ጋደም ስትሉ ሚሆነውን ጻፉ፣ ከሞላ ጎደል የግራው ተቃራኒ ነው። ግራው ሲምፓቴቲክ ነው ቀኙ ፓራሲምፓቴቲክ። አሁን ሬሴፕተሮቹን በቦታቸው አስገቡ፣ ለግራው አልፋ አንድ የደም ሥር ላይና ዓይንን ሚከፍተው ጡንቻ ላይ፣ ቤታ አንድ ልብ ላይ፣ ቤታ ሁለት ሳንባ ላይ (አንድ ልብ፣ ሁለት ሳንባ፣ ይቺን አትረሱም)፣ ለቀኙ ደሞ ሙስካሪኒክ ሁለት ልብ ላይ፣ ሙስካሪኒክ ሦስት ዕጢዎች፣ አንጀት፣ ፊኛ፣ ሳንባና ዓይን ላይ።

ይሄን ወረቀት ሳታዩ መሳል እስክትችሉ ድረስ አንድም የመድኃኒት ስም አትሸምድዱ። ከቻላችሁ በኋላ ግን መድኃኒቶቹ ራሳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ፣ እያንዳንዱ ሬሴፕተሩን ወይ ይጫናል (ያሰራዋል ማለት ነው) ወይ ይዘጋል ያ ብቻ ነው። ፕሮፕራኖሎል ቤታ አንድንም ሁለትንም ይዘጋል፣ ልብ ይረጋል፣ ሳንባው ግን ይጠባል፣ አስም ያለበት ሰው ላይ ምን እንደሚሆን እንግዲህ ንገሩኝ። የኔ የሚድ ጥያቄ ይቺ ነበረች። የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞል ቤታ ሁለትን ይጫናል፣ ሳንባ ይከፈታል፣ ቤታ ሁለት የእጅ ጡንቻም ላይ ስላለ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ወደ ልብም ስለሚያፈስ ልብ ይመታል፣ ታካሚው ሳይደነግጥ በፊት ልትነግሩት ሚገባ ነገር ነው። አድሬናሊን የግራውን ሁሉንም ይጫናል፣ አናፊላክሲስ (ለሕይወት ሚያሰጋ ድንገተኛ አለርጂ) ላይ ለምን እንደሚመረጥ ወረቀቱን አይታችሁ ራሳችሁ ታወጡታላችሁ፣ የወደቀውን ግፊት በአልፋ አንድ፣ ልቡን በቤታ አንድ፣ የታፈነውን ሳንባ በቤታ ሁለት፣ አዋቂ ላይ 0.5 ሚሊግራም ጭን ጡንቻ ላይ።

ቀኙን ጎን ደሞ በፀረ ተባይ መርዝ አጥኑት፣ ገጠር አካባቢ ሚሰራ ሁሉ ሚያየው ነገር ነው፣ እንደ ማላታይን ያሉት ኦርጋኖፎስፌቶች አሴቲልኮሊንን (የቀኙን ጎን መልእክተኛ) ሚያፈርሰውን ኤንዛይም ያግዳሉ፣ አሴቲልኮሊን ይጥለቀለቃል። ወረቀታችሁን አውጡ፦ ምራቅ ይዝረከረካል፣ እንባ፣ ላብ፣ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ ሽንት ማምለጥ፣ ዓይን እንደ መርፌ ቀዳዳ መጥበብ፣ ልብ መዘግየት፣ ደረቱ በፈሳሽ መሞላት። አትሮፒን ሙስካሪኒኩን ይዘጋል፣ ሚሰጠውም ደረቱ እስኪደርቅና መተንፈሱ እስኪስተካከል ነው፣ ዓይን ስለሰፋ በቃ ተብሎ አይቆምም። የጡንቻ መንዘርና መድከም ግን ኒኮቲኒክ በሚባለው በሌላኛው የአሴቲልኮሊን ሬሴፕተር ስለሆነ አትሮፒን አይነካውም፣ ይቺ ልዩነት ፈተና ላይ ትወደዳለች።

አትሮፒን ከበዛስ? አስተናግር ሚባለውን ተክል የበላ ሰው ሲወራ ሰምታችሁ ካወቃችሁ መልሱ እዛ ነው፣ ተክሉ ውስጥ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለ፣ ሰውየው ይለፈልፋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ አፉ ይደርቃል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ሽንት እምቢ ይለዋል። ስሙን ልብ በሉት፣ ያወጡለት ሰዎች ምልክቱን አይተው ነው።

ጫትም እዚሁ ነው ሚገባው፣ ካቲኖን ሚባለው ነገር ነርቮች ውስጥ የተቀመጠውን ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን ያስለቅቃል፣ ምርቃናው፣ አፍ መድረቁ፣ ልብ መምታቱ፣ ሆድ ድርቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሁሉ የግራው ጎን ነው። ለጥናት ብላችሁ እንዳትነኩት ግን ከልቤ ነው ምላችሁ፣ ያነበባችሁትን ሚያስቀምጠው እንቅልፍ ነው።

የስም ጭራዎች፣ እና ወጥመዶቻቸው

የመድኃኒት ጀነሪክ ስሞች ዝም ብለው የወጡ አይደሉም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ዝርዝር እያወጣ ነው፣ አንድ ዓይነት መድኃኒቶች አንድ ዓይነት ጭራ እንዲኖራቸው ይደረጋል። ኦሎል ቤታ ብሎከር፣ ፕሪል ኤሲኢ ኢንሂቢተር፣ ሳርታን የአንጂዮቴንሲን ሬሴፕተር ብሎከር፣ ዲፒን ካልሲየም ቻናል ብሎከር፣ ፍሎክሳሲንና ሲሊን ፀረ ባክቴሪያ፣ መጀመሪያው ላይ ሴፍ ካለ ሴፋሎስፖሪን። ይሄ ብዙ ስራ ይቀንስላችኋል።

ግን ተጠንቀቁ። "አዞል" ሰምታችሁ ፀረ ፈንገስ ካላችሁ ትሳሳታላችሁ፣ ፍሉኮናዞል ለፈንገስ ነው፣ ኦሜፕራዞል ለጨጓራ አሲድ፣ አልቤንዳዞል ለሆድ ትል፣ ሜትሮኒዳዞል ለአሜባና ለጃርድያ እንዲሁም ያለ ኦክስጅን ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ ጭራውን ሳይሆን ከጭራው በፊት ያለውን ፊደልም ጨምራችሁ ያዙ። ኒስታቲን ጭራው የኮሌስትሮሎቹን "ስታቲን" ቢመስልም የኮሌስትሮል መድኃኒት አይደለም፣ ፀረ ፈንገስ ነው። "ማይሲን" ደሞ ክላስ አይደለም ጭራሽ፣ ጄንታማይሲን፣ አዚትሮማይሲን፣ ክሊንዳማይሲንና ቫንኮማይሲን አራት የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው፣ አሰራራቸውም ጉዳታቸውም ይለያያል።

ካርድ አሰራር

አንድ ኤፎር ወረቀት ስምንት ቦታ ቁረጡ። ከእያንዳንዱ ክላስ አንድ መድኃኒት ብቻ ምረጡና እሱን በደንብ እወቁት፣ የቀሩትን "ከዚህኛው በምን ይለያል" ብላችሁ በአንድ መስመር። ከጀርባው የት ይሰራል፣ ምን ያደርጋል፣ ለምን ይሰጣል፣ ለማን አይሰጥም፣ ከምን ጋር አይስማማም፣ እና መጨረሻ ላይ በአማርኛ "ለታካሚው ምን እለዋለሁ"። ይቺን የመጨረሻዋን መስመር አትዝለሉ፣ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ እሷ ናት ትምህርቱን ሚያስቀምጥላችሁ።

የጎንዮሽ ጉዳቶችን ለሁለት ክፈሏቸው። አብዛኞቹ ከመድኃኒቱ ስራ ሚወጡ ናቸው፣ እንደ ሳልቡታሞል መንቀጥቀጥ፣ እንደ ኢንሱሊን ስኳር መውረድ፣ እነሱን አትሸምድዱ፣ አስቡና አውጡ። ጥቂቶቹ ግን ከስራው አይገመቱም፣ እነሱ ብቻ ናቸው መሸምደድ ሚያስፈልጋቸው፣ ክሎራምፌኒኮል መቅኔን ማድረቁ፣ ኢታምቡቶል የዓይን ነርቭን መጉዳቱ።

የቲቢ መድኃኒቶችን በዚህ መንገድ አንድ ማታ ላይ መጨረስ ይቻላል። መጀመሪያ ሁለት ወር አራቱም፣ ከዛ አራት ወር ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ። አይሶናያዚድ ቫይታሚን ቢ6ን ስለሚያሟጥጥ እጅና እግር ያደነዝዛል፣ ስለዚ ፓይሪዶክሲን አብሮ ይሰጣል። ኢታምቡቶል ዓይን፣ በተለይ ቀይና አረንጓዴ መለየት። ፓይራዚናማይድ ዩሪክ አሲድ ይጨምራል፣ መገጣጠሚያ ያማል። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ብርቱካንማ ያደርጋል፣ ይሄ አይጎዳም ግን ካልነገራችሁት ታካሚው ደም ሸናሁ ብሎ መድኃኒቱን ያቆማል፣ ቲቢ ላይ ማቆም ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። ከሱ በላይ ደሞ ሪፋምፒሲን የጉበት ኤንዛይሞችን ያበዛል፣ ኢንዲውሰር ነው፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ምትወስድ ሴት ላይ እንክብሉ ቶሎ ይፈርስና ልታረግዝ ትችላለች። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ዶሉቴግራቪር ሚወስድ ሰውም 50 ሚሊግራሙን በቀን አንዴ ከመውሰድ ወደ ሁለቴ ሚቀየርለት ለዚህ ነው። ኢንዲውሰር አዲስ ኤንዛይም ማሰራት ስላለበት ቀናት አልፎም ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፣ ኢንሂቢተር ግን ያለውን ስለሚያግድ ቶሎ ነው ሚታየው፣ ልዩነቱን ያዙ።

ከምግባችን ጋር ሚገናኙትንም ሰብስቧቸው፣ አይረሱም። ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት ወይም ከአይረን ኪኒን ጋር ሲወሰዱ ተያይዘው አንጀት ውስጥ ይቀራሉ። የወባው ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልሆነ ውስጡ ያለው ሉመፋንትሪን በደንብ አይገባም፣ የጾም ሰሞን ከሆነ ዘይት ያለው ወጥም ይሆናል ብላችሁ ንገሩ። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ ሚሰጥ) ሚወስድ ሰው ጎመን እንዲተው ሳይሆን አንድ ሳምንት በብዛት ሌላ ሳምንት ባዶ እንዳያደርግ ነው ሚመከረው፣ ጎመን ውስጥ ቫይታሚን ኬ አለ ዋርፋሪኑ ሚሰራው ደሞ በሱ ላይ ስለሆነ።

ዋርፋሪን፣ ዲጎክሲን፣ ፌኒቶይን፣ ሊቲየም፣ እነዚህ ሚያድነውና ሚመርዘው መጠን ሚቀራረብባቸው ናቸው፣ ካርዳቸውን በቀይ ስክሪብቶ ጻፉ። በቋንቋችን መድኃኒት ሚለው ቃል ራሱ ሁለቱንም ይዟል፣ "መድኃኒት አጠጥታው" ሲባል ማንም ስለ ህክምና አያስብም። እና ከባች ወደ ባች ሚተላለፉ ሃንድአውቶችን ዶዝ ላይ አትመኑ። አንድ ጊዜ ስንቀባበለው የነበረ ሃንድአውት ላይ ዲጎክሲን 250 ሚሊግራም ተብሎ ተጽፎ አይቻለሁ፣ መሆን ያለበት 250 ማይክሮግራም ነው፣ ሺ እጥፍ ልዩነት። ማንም ሳያስተውለው ስንት ሰው እንዳጠናበት ሳስብ እስካሁን ይረብሸኛል። በኤአይ ጥያቄ እያስወጣችሁ መለማመድ ጥሩ ነው፣ ዶዝ ግን ሁሌም ከመጽሐፉ ወይም ከጤና ሚኒስቴር የሕክምና መመሪያ አረጋግጡ።

ስሌት

በቀን ሦስት ጥያቄ ብቻ ስሩ፣ ግን በየቀኑ። 12 ኪሎ ሚመዝን ልጅ፣ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም፣ 180 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፣ ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ከሆነ 180 ለ120 አካፍላችሁ በ5 ስታባዙ 7.5 ሚሊ ሊትር። 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት፣ ሴቱ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ሚጥል ከሆነ 1000 በ20 አባዙ፣ ለ480 ደቂቃ አካፍሉ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። ፐርሰንት ሲያስፈራችሁ ደሞ 1 ፐርሰንት ማለት በ100 ሚሊ ሊትር 1 ግራም፣ ማለትም በሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም መሆኑን ብቻ ያዙ፣ ሊዶካይን 2 ፐርሰንት በሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም ነው፣ ባለ 40 ፐርሰንት ግሉኮስ 20 ሚሊ ሊትሩ 8 ግራም ነው። 0.5 ስትጽፉ ዜሮዋን አትተዉ፣ ነጥቧ ከደበዘዘች 5 ሆና ትነበባለች፣ 5 ስትጽፉም 5.0 አትበሉ፣ 50 ትሆናለች። መልሱ ሲወጣ ደሞ ቆም ብላችሁ "ይሄ ይመስላል?" በሉ፣ ለአንድ ልጅ 75 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ ከወጣላችሁ የሆነ ቦታ ነጥብ ሸሽቷል። ሁለት ሆናችሁ ለየብቻ ሰርታችሁ አመሳክሩ፣ ዋርድ ውስጥም እንደዛ ነው ሚሰራው።

ጊዜውን በተመለከተ ብዙ ምለው የለኝም። ክላስ የተማራችሁ ቀን ማታውኑ 20 ደቂቃ፣ በማግስቱ ካርዱን ሳታዩ ሞክሩ፣ ከዛ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዛ ከሳምንት በኋላ። ያወቃችሁትን ካርድ አታሽሞንሙኑት ወደ ኋላ አድርጉት፣ ያቃታችሁ ነው ፊት ሚሆነው። መብራት ሲጠፋም ካርድ ይሰራል፣ ስልክ አይፈልግም። ፈተናው ማታ አዲስ ነገር አትጀምሩ፣ ኦቶኖሚኩን ወረቀት አንዴ ሳሉትና ተኙ። ፈተናው ላይ "ከሚከተሉት በስተቀር" ሚለውን ቃል ክበቡት፣ እሷን ባለማየት ብቻ ብዙ ነጥብ ይሄዳል።

ፋይናሉ ካለቀ በኋላ ካርዶቹን አትጣሏቸው፣ በላስቲክ አስራችሁ አስቀምጡ። ለኤግዚት ኤግዛምም ያስፈልጓችኋል፣ ዋርድ ስትገቡም በየቀኑ ከታካሚ ቻርት ላይ አንድ ማታውቁትን መድኃኒት ጻፉና ማታ አንድ ካርድ ጨምሩ፣ ጠዋት ደሞ ያንኑ ታካሚ ሄዳችሁ "እናቴ፣ ይሄ ሚወስዱት ለምን እንደሆነ ነግረዎታል?" ብላችሁ ጠይቁ፣ አልነገሩኝም ካሉ ቁጭ በሉና አስረዷቸው።